የብረቱ ሙቀት

አያ ሻረው ትናንት አርባውን ያወጡለት ልጃቸው የሠራትን የባትሪ መፈተሻ ከጋቢያቸው ስር አውጥተው፣ ደባርቅ ውስጥ ሬዲዮ በሚጠግነው በይታያል ጠረጴዛ ላይ አኖሯት። "እስቲ እያት ልጄ፤ ትረባለች?"

ይታያል ከአሮጌ የሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኛት። የመፈተሻዋ ቆጣሪ መርፌ ሳይወዛወዝ ቆመ። ሙቀቱን እንዲስብለት ትራንዚስተሩ የታሰረበት፣ ከድስት ክዳን የተቆረጠው ብረት ግን ትንሽ ነበርና ቶሎ ሞቀ፤ ብዙ ቢቆይ ትራንዚስተሩ ሊቃጠል ይችላል። "ሥራው ንጹሕ ነው" አላቸው። "የባትሪውን ጉልበት በሙቀት ታወጣዋለች፤ አቅሙ የሚታወቀው በዚያ ነው።" ሊያጠፋት እጁን ሲዘረጋ ሽማግሌው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ጫኑ። እጁን መለሰ።

ባትሪው እየደከመ ሲሄድ መርፌው ወረደ፤ ብረቱም ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ።

"አለቀ፣ አያ ሻረው" አለ ይታያል።

ሽማግሌው መዳፋቸውን አላነሱም። "አውቃለሁ" አሉ። "እሱም እጄ ላይ እንዲህ ነው የቀዘቀዘው።"