የፊራኦል ማልት

ቆርኪው ቢጫ ነው። የማልቱ ነጭ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ሰባት ወር ሙሉ በየምሽቱ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቢጫውን ባንኮኒው ላይ ያየሁት ግን ፊራኦል ሁለተኛውን ጠርሙስ ካጋመሰ በኋላ ነው።

ቢጫው የጥቁር ቢራ ነው፤ ከምሸጠው ሁሉ ኃይለኛው። ጠርሙሱ እንደ ማልቱ ቡናማ፣ ወረቀቱም ቡናማ። ዛሬ ከሰዓት ሳጥኑ ሲመጣ ፍሪጅ ውስጥ ጎን ለጎን የደረደርኳቸው ራሴ ነኝ።

ያዘናጋኝ ወሬ ነው። አረጋዊ የሚባል እንግዳ፣ እዚሁ ሩዋንዳ ሰፈር ገስት ሃውስ ያረፈ፣ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ሲጠይቀኝ ነበር።

«እትዬ ዘርፌ፣ የማይመረው የትኛው ነው?»

«ይኼኛው። ግን ሲጠጡት ቀሎ ጠዋት ራስ ይበጠብጣል። ያኛው መጀመሪያ ፊት ያስቋጥራል፣ ሁለተኛው ላይ ይለመዳል።»

«ድራፍትስ?»

«ዛሬ እኔ ቤት አይጠጡ። በርሜሉ ከትናንት በስቲያ ነው የተከፈተው። ሃያ ሁለት ሰፈር ይሂዱና ሰው የሚጋፋበት ቤት ይግቡ። እዚያ በርሜል አያድርም።»

«ገበያዋን ለሌላ የምታሳልፍ ባለግሮሰሪ!» ሳቀ። «ለመሆኑ እርስዎ የትኛውን ነው የሚጠጡት?»

«እኔ ቀምሼም አላውቅ። የጠጪውን ፊት አይቼ ነው።»

ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ አዋቂ ሆኜ የማወራው እዚህ ባንኮኒ ጀርባ ብቻ ነው። እንዲህ እያወራሁ እጄ ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ሁለት ጊዜ።

ፊራኦል የጎረቤቴ የደሪቱ ልጅ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ስለ ጉበቱ ነግሮት፣ «አንድ ጠርሙስም ቢሆን እንዳትነካ» ብሎታል። ደሪቱ መጥታ እጄን ያዘች። «ጓደኞቹ አንቺ ቤት ናቸው። ከሰው ብለየው በሐሳብ ያልቅብኛል። ማልቱን ይዞ ይቀመጥ፤ ዐይንሽ ግን ከእሱ አይነቀል።» እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን እሺ ስላት የለቅሶው ድንኳን ታይቶኝ ነበር።

አሁንም ይታየኛል። ጓደኞቹ ገና ከሥራ አልወጡም፤ ጥጉ ላይ ብቻውን ነው።

«ፊራ፣ ጠርሙሱን ስጠኝ። ተሳስቻለሁ።»

ወደ ደረቱ ይስበዋል። «ማልት ነው እኮ፣ እትዬ።»

«አይደለም።»

«እርስዎ አይደሉ የከፈቱት?»

ያኔ ይገባኛል። በእኔ ቤት ጠርሙስ ከጠጪው ዐይን ተሰውሮ አይከፈትም። ወረቀቱን ወደ እሱ አዙሬ «ይከፈት?» እላለሁ፤ አይቶ ራሱን ሲነቀንቅ ነው መክፈቻውን የማነሳው። ዛሬ እኔ የማየው አረጋዊን ነበር። ፊራኦል ግን የሚያየው ጠርሙሱን ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

«አይተኸዋል» እለዋለሁ።

ቀስ ብሎ፣ «የመጀመሪያውን አላስተዋልኩም። ስቀምሰው ነው የገባኝ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ራስዎ ይዘውልኝ መጡ። እኔ መቼ ለመንኩ? እግዜር የላከው መሰለኝ።» ለመሳቅ ይሞክራል፤ ሳቁ አይወጣለትም። «አሁን አንዴ ተበላሽቷል። አንድ ይጨምሩልኝና ከነገ ጀምሮ...»

«አልጨምርም።»

«እንግዲያው ጎረቤት አለ።» ይነሳል። እውነቱን ነው፤ ከእኔ በር እስከ አስፋልቱ አምስት ግሮሰሪ አለ፤ የእሱን ጉበት የሚያውቅ ግን አንድም የለም።

ስልኬን አወጣለሁ።

«ለእማዬ እንዳይነግሯት» ይላል፣ ድምፁ ተለውጦ። «በእርስዎም ነው የምትፈርደው።»

እሱንም አውቃለሁ። አውሮፕላን ጣሪያችንን ታክኮ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ ሁለቴ የምናገረው ቃል አይደለም።

«ደሪቱ፣ ቢራ አጠጣሁት። ተሳስቼ ነው። አንድ ተኩል ጠርሙስ። ሌላ ፍለጋ ሊወጣ ነው።»

ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በጓሮ እመጣለሁ። የፊቱን በር ዝጊው።»

አረጋዊ ሁሉንም ሰምቷል። ያጋመሰውን ብርጭቆ ትቶ ይወጣል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «አይዞዎት» ይለኛል።

ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። በዚህ ሰዓት ዘግቼ አላውቅም። የበሩን ሁለት ተካፋች ገጥሜ ቁልፉን አዞራለሁ። ቁልፉ ያረጀ ነው፤ አንድ ግፊት ይበቃዋል። በሩን በደንብ የሚይዘው የላይኛው መቀርቀሪያ ነው፤ እሱ ጋ ደግሞ ያለ በርጩማ አልደርስም። በርጩማው ያለው ከፊራኦል በስተጀርባ ነው።

እርምጃውን እሰማለሁ። እየመጣ ነው። የጥቁሩ ቢራ ሽታ ማጅራቴ ላይ ያርፋል። የእኔን ሁለት የሚያህል ልጅ ነው፤ ቢገፋኝ ከበሩ ጋር ነው የምወድቀው። መዳፎቼን ተካፋቹ ላይ አጥብቄ ዐይኔን እጨፍናለሁ።

ክንዱ ከራሴ በላይ ያልፋል። መቀርቀሪያው እየተንሸራተተ ሄዶ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል።