የመወጣጫው ምረቃ

ልጅቷ ትምህርት ያቋረጠችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ በየቀኑ እያዘለ የሚወስዳት አባቷ ወገቡን ሲያመው። ዘንድሮ ግን አካል ጉዳተኞች ከትምህርት እንዳይቀሩ የሚያዝ መመሪያ ወጣና በትምህርት ቤቱ ደረጃ ጎን የሲሚንቶ መወጣጫ ተሠራ። ለምረቃው እሷ ተጠራች።

ከወረዳ የመጡት ሰዎች አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ሪባኑን ቆረጠች። ከዚያም ማንም ሳይገፋት፣ ጎማውን በገዛ እጇ እያሽከረከረች እስከ ክፍሉ በር ወጣች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

«እንግዲህ ጡረታ ወጣህ፣ አባዬ» አለችው ከላይ ሆና።

«ዶክተር ስትሆኚ ወገቤን ታክሚልኛለሽ» አላት እየሳቀ።

ንግግሩ አልቆ እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ፣ አንድ ሠራተኛ አጠገቧ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ነገ ሌላ ትምህርት ቤት መወጣጫ እናስመርቃለን። ያለን ወንበር ደግሞ ይኸው አንድ ብቻ ነው።»

ለሁለት ደግፈው አነሷትና መወጣጫው ጫፍ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጧት።

መኪናው ከግቢው ሲወጣ አባቷ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረ። ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

«ወደ ክፍል ነው ወደ ቤት?» አላት ዞር ሳይል።

ጀርባውን ጥቂት አየችው።

«ወደ ቤት» አለች።