ዘቡ ሲነሳ

ዶክተር ስራቫንቲ በህንዷ ሃይደራባድ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የደም ካንሰር ክፍል ስትመደብ፣ አልጋ ላይ ያገኘችው ፕሮፌሰር ሳምባሲቫ ራኦን ነበር። እሷ ወዲያው አወቀቻቸው። እሳቸው አላወቋትም።

ከዓመታት በፊት ሰውየው አዲስ መድኃኒት ይዘው ወደ ዋራንጋል ገጠር ወርደው ነበር። መድኃኒቱ ከታመመው ሴል ጋር ጤነኛውንም እንደሚገድል እያወቁ ለሰው ሰጡ። ከሞቱት አንዷ የስራቫንቲ እናት ነበረች። ክሱ እስከ ዛሬ ሲንከባለል ኖሯል።

ክሱን የያዘው ጠበቃ፣ ታናሽ ወንድሟ ናርሲምሉ፣ ወሬውን በስልክ ሰማ።

"እጅሽ ላይ ወደቀ በይኛ!"

"ወደቀ።"

"አካ፣ እህቴ፣ ይሄ ሰው ከሞተ የክሱ ፋይል ይዘጋል።"

"አውቃለሁ" አለች እህቱ። "ለሌላ ሐኪም የማልሰጠውም ለዚህ ነው።"

በማግስቱ ክኒኑን ራሷ ይዛ መጣች። የፕሮፌሰሩ ሚስት ካማላማ ሩዝ በእርጎ እያጎረሷቸው ነበር።

"ከየት ነሽ ልጄ?"

"ከዋራንጋል።"

ጉርሻው መንገድ ላይ ቀረ።

"ክኒኑ ምን ያደርጋል?"

"እያንዳንዱ ሴል ውስጥ የሞት ትእዛዝ አለ፣ እማማ። አንድ ፕሮቲን ዘብ ቆሞ ይከለክለዋል። ክኒኑ ዘቡን ያነሳል። ያኔ ሴሉ ራሱን ከውስጥ ቆራርጦ ይጨርሳል።"

"የማን ሴል?"

"የእሳቸው።"

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። "ተያት ካማላ፣ እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚሁ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ስራቫንቲ፤ አስዋጠቻቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ተዝለፈለፉ። ትኩሳቱ፣ ትውከቱ፣ የኩላሊቱም መድከም ተደራረበ። ስራቫንቲ ግን የክኒኑን መጠን ጨመረች። ቤቷ መሄድ ትታ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። የእናቷ ጩኸት ከጆሮዋ አልወጣም።

ካማላማ ኮሪደር ላይ ክንዷን ጨመደዱት።

"እናትሽ ከነዚያ አንዷ ናት አይደል? ባሌን እየገደልሽብኝ ነው!"

"እናቴ መሬት ላይ ነው የሞተችው፤ ሐኪም እንኳን አጠገቧ አልነበረም። ይልቀቁኝ።"

"ይቅር በያቸው፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ!"

"አልልም።"

አንድ ጠዋት የደም ምርመራው ውጤት መጣ። ስራቫንቲ አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ካማላማ ፈገግታዋን ሲያዩ እሪ አሉ። ወዲያው በሩ ተከፍቶ ካማላማ ያስጠሯቸው ሁለት ፖሊሶች ገቡ።

"እሷ ናት! ያዙልኝ!" አሉ ካማላማ ጣታቸውን ቀስረው።

"ካንሰሩ ጠፍቷል" አለች ስራቫንቲ ለፖሊሶቹ፤ "ፕሮፌሰሩ አሁን ችሎት ፊት መቆም ይችላሉ።"