«ሆዮ» ስትል የመለሰላት ማን ነበር?

«ደርሻለሁ ሆዮ... ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ካልቱን ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ፈገግ አለች።

«ሰማሽ ሂቦ? ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

ሂቦ ጎረቤቷ ናት። ቡርኦ ከተማ ገበያ ዳር ሻይ ትሸጣለች። ዛሬ ግን ምድጃዋን አጥፍታ፣ ካልቱንን እጇን ይዛ ሆስፒታል አምጥታታለች።

የካልቱን ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ተጋርደዋል። ሰው የምታውቀው በድምፁ ነው...

ከውጭ የመጡት የዓይን ሐኪሞች ነገ ይሄዳሉ። ዛሬ ካልተሠራላት መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

ነርሷ ደግሞ በአክብሮት «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ ብላ ቁርጡን ነግራታለች።

«ኤዶ፣ ቤተሰብ ሳይፈርም አናስገባም።»

ያላት ቤተሰብ አንድ ልጇ ጉሌድ ብቻ ነው። ሀርጌሳ ነው የሚኖረው... ኮምፒውተር ላይ ነው ሥራው።

ድሮ ስትደውልለት አያነሳም ነበር።

ከረመዳን ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። የድምፅ መልእክት ስትልክለት ወዲያው ይመልሳል። ፍየሎቿን ይጠይቃል። ጉልበቷን ይጠይቃል። ስታለቅስ ያባብላታል።

እሷም ለማንም የማትነግረውን ነገረችው... የሟች አባቱን ነገር፣ ሌሊት ሌሊት የሚያስፈራትን፣ የሰውነቷን ሕመም ሳይቀር።

«አላህ የልጄን ልብ መለሰልኝ» እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ታወራ ነበር።

ተራዋ ደረሰ... ጉሌድ የለም።

ነርሷ ብቅ አለች። «ልጅሽ መጣ?»

«እየመጣ ነው።»

«ጠዋትም እየመጣ ነበር እኮ ኤዶ።»

ካልቱን ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ሆዮ... ፈራሁ... ሆዮ...»

በካልቱን አገር ልጅ እናቱን «ሆዮ» ይላታል። እናት ማለት ነው። እናትም ስታቆላምጠው ያንኑ ቃል መልሳ «ሆዮ» ትለዋለች። ገና ዳዴ የሚል ሕፃን እንኳ ሲጠሩት ያውቀዋል።

መልሱ ወዲያው መጣ። የጉሌድ ድምፅ ነው... ያቺ ትንሽ ሳሉ እንኳ አልቀረችም።

«አትፍሪ። እናትሽ አጠገብሽ ናት አይደል? እጇን ያዢያት።»

ካልቱን ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች።

እናቷን የቀበረችው ጉሌድ ሳይወለድ ነው።

«ሂቦ... ይሄ ልጄ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ ሆዮ ስለው እሱን እንደጠራሁት አይጠፋውም።»

ሂቦ በራሷ ስልክ ደወለች። ካልቱን እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አደረገችው።

ከብዙ ጥሪ በኋላ ተነሳ። ከጀርባ የሰው ሳቅ ይሰማል።

«ሂቦ ነኝ፣ የእናትህ ጎረቤት። የት ደረስክ?»

«የት እደርሳለሁ?»

«ዓይኗን ልትሠራ ነው እኮ። መጣሁ ስትላት አይደል የዋልከው?»

«የምን ዓይን?»

ሂቦ ስልኩን እንደ እባብ አየችው።

«እ... እሱ እኔ አይደለሁም» አለ ጉሌድ። «በእኔ ድምፅ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት። ብቸኝነት እንዳይሰማት ብዬ...»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይልቅ ስሚኝ። አሁን አዳራሽ ውስጥ የምትልክለትን ለሰዎች እያሰማሁ ነበር። ሆዮ ስትለው ፕሮግራሙ እናቷን የምትጠራ መስሎት ቀባጠረ... ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። በአላህ ንገሪያት፣ ከአሁን በኋላ ጉሌድ ብላ ትጥራኝ። ሆዮ ሆዮ የምትለውን ትተወው።»

ካልቱን እያንዳንዷን ቃል ሰማች።

«የእኔን ለቅሶ ነው... ለሰው የሚያሰማው?»

ሂቦ ስልኩን ዘጋችው።

ካልቱን የሻሿን ጫፍ ይዛ ጆሮዋን ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ከዚያ ከንፈሯን... ቆሻሻ የነካት ይመስል።

ነርሷ ተመልሳ መጣች። «እሺ፣ መጣ?»

«መጥቻለሁ» አለች ሂቦ። «የት ነው የምፈርመው?»

«ምኗ ነሽ?»

«ልጇ ነኝ።»

«ጠዋት ጎረቤት ነኝ አላልሽኝም?»

«ጠዋት ነበርኩ።»

ነርሷ ሁለቱንም አየቻቸው... እስክሪብቶውን ሰጠቻት።

የቀዶ ጥገናው ሥራ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። ሰው እንዲህም ደርሷል... የጨለመ ዓይን በዚያች ጊዜ ውስጥ ይበራል።

በማግሥቱ ፋሻው ተፈታ። ካልቱን መጀመሪያ ያየችው ሂቦን ነው።

«እንዲህ ጠይም ነሽ እንዴ? እኔ በድምፅሽ ቀይ ትመስይኝ ነበር።»

«ከሰሉ ነው ኤዶ» አለች ሂቦ፣ እንባዋን እየጠረገች።

በሩ ተከፈተ። ጉሌድ ገባ... ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ስልኩ ወደ ላይ የተደገነ።

«ሆዮ፣ እዪኝ... አይ፣ ወደ ስልኩ እዪ። ሰው በቀጥታ እየተከታተለን ነው። ልጇ ዓይኗን አሳከማት ብዬ ነው የጀመርኩት... በይ እስቲ አንዴ ሆዮ በይኝ።»

ካልቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ደህና ነህ ጉሌድ?»

«ሆዮ በይኝ እንጂ... እንደ ዱሮው።»

«ጉሌድ ብላ ትጥራኝ ብለህ ልከህብኝ የለ?»

ስልኩ ዝቅ አለ።

እሷ ግን ፊቷን ወደ ሂቦ መልሳ እጇን ዘረጋች።

«ሆዮ» አለቻት። «ተነሺ፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ።»

.

ዓይን ያበራው መሣሪያም እናት ያታለለው ስልክም የሰው እጅ ሥራ ናቸው። እኔን ያቅለሸለሸኝ ማሽኑ አይደለም... እናቱን ማዳመጥ ለማሽን ሰጥቶ፣ እንባዋን ለጭብጨባ ያወጣው ልብ ነው።

ሥራችንን ማሽን ያግዘን... ልጅነታችንን ግን አንስጠው።

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ... እናታችሁ ስትጣራ «አቤት» የሚላት ማን ነው? እናንተ... ወይስ ስልካችሁ?