የክብሪት ጭስ

የክብሪት ጭስ ያስጠላኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። የሰፈራችን የድንገተኛ እርዳታ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን የተመዘገብኩትም በእሱ ምክንያት ነው፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አንድ ቀን አሰልጣኛችን ጋሽ ፍሬሰንበት ወለሉ ላይ ተዘርሮ፣ የሚጥል በሽታ እንደተነሳበት ሰው ተንፈራገጠ። እኛም በጎኑ አስተኛነው፤ ጃኬት አጣጥፈን ከራሱ ስር አደረግንለት።

"ክብሪት ጭሮ በሽተኛ የሚያጥን ካገኘሁ" አለ ተነስቶ ሱሪውን እያራገፈ፣ "የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያውን አስወልቄ ነው የማባርረው። በሽታው አይጋባም። ሰው ነው፣ ሳትፈሩ ንኩት።"

የልቤን ያወቀ መሰለኝ። ያን ቀን እግሩን ብስመው ደስ ባለኝ።

የምረቃችን ዕለት ብርቱካናማ ሰደርያዬን ለብሼ መድረኩ ፊት እንደቆምኩ ወደቅኩ።

ስነቃ ሱሪዬ ርሷል። ያ የማውቀው ጭስ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። አብረውኝ የሰለጠኑት ሁሉ ግድግዳውን ተጠግተው አፍንጫቸውን ይዘዋል። ጋሽ ፍሬሰንበት ሰደርያውን እንደለበሰ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ክንዱን እስከቻለው ድረስ ዘርግቶ የሚጨስ ክብሪት አፍንጫዬ ስር ይዟል።

"ነቅቷል" አለ ወደ ኋላ ዞሮ። "ግን እንዳትነኩት።"