የኤፍሬም ድምፅ

ደጊቱ የሟች ልጇን ኮምፒውተር በነጠላ ጠቅልላ፣ በባጃጅ አስጭና ከጠጋኙ ከዋለ ሱቅ የደረሰችው መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ዋለ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ኮምፒውተርና ስልክ ይጠግናል። ኤፍሬምን ያውቀው ነበር፤ ቀብሩም ላይ ቆሟል።

«አልነሳ አለኝ» አለችው። «መብራቱ ይበራል፣ ከዚያ ጥቁር ብሎ ይቀራል። መንፈቁ ሳይደርስ አንዴ እንኳ የኤፍሬሜን ድምፅ ልስማው ልጄ። ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።»

ኤፍሬም ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ክራር እየመታ የራሱን ዘፈኖች ይዘፍናል። ከቤታቸው አንዷን ክፍል ግድግዳዋን በካርቶንና በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ማይክና ይህን ኮምፒውተር አስገብቶ ዘፈኖቹን እዚያ ይቀዳ ነበር። በጥቅምት ከደብረ ታቦር ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ።

ዋለ የሳጥኑን ብሎኖች እየፈታ፣ ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው ነክቶት እንደሆነ ጠየቃት። ደጊቱ ባሏን ከሰሰች።

ባሏ መሪጌታ ገብረ ሕይወት የዜማ መምህር ናቸው። ልጃቸው ድጓውን ጀምሮ መተዉን፣ ትቶም ክራር ማንሳቱን ከቶ አልወደዱለትም። አንድ ቀን ተቆጥተው ያን ሳጥን በመጥረቢያ እንደሚከሰክሱት ሲዝቱ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አርባው በወጣ ማግሥት ደግሞ የኤፍሬምን ክፍል ጠበል ሲረጩ ደጊቱ ደርሳባቸዋለች።

«እኔ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እገባ ነበር» አለች። «ኤፍሬም ሲሠራ ከበሩ ቆሜ አየው ስለነበር አከፋፈቱን አውቃለሁ። ትልቋን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ሲበራ ሁሉም እሱ እንደተወው ራሱ ይመጣል። ከዚያ ቀይዋን ቁልፍ ነካ አደርግና እቀመጣለሁ። እሱ ቀይዋን ሲነካ ነበር ድምፁ የሚሰማው። ለእኔ ግን ጭጭ። ማታ ማታ እያጠፋሁ በነጋታው እሞክራለሁ። በመጨረሻው ይኸው፣ ጨርሶ እምቢ አለ።»

ዋለ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ ስለነበር ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ኮምፒውተሩ እምቢ ያለ ዕለት ደጊቱ ባሏን ከደጀ ሰላም ሲመለሱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። መሪጌታ እጃቸው እንዳልነካው በሚያገለግሉበት ታቦት ማሉ። ጠበሉን የረጩት ለልጃቸው ነፍስ እንደሆነ ነገሯት። አላመነቻቸውም።

«ልጄን ሁለቴ ቀበሩብኝ» አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግባቸውን ለብቻ አቀረበችላቸው። ቃል አልተነፈሰችም። ጥምቀት ሳይደርስ መሪጌታ ጋቢያቸውንና መጽሐፋቸውን ይዘው፣ በልጅነታቸው ወደ ተማሩበት ወደ ቤተ ልሔም ደብር ሄዱ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ፤ ሁለቱንም መለሰች። ባለፈው ሳምንት አንድ ቄስ መጥተው መሪጌታ ከመኝታቸው መነሳት እንዳቃታቸውና ስሟን እየጠሩ መሆናቸውን ነገሯት። አልሄደችም። ይህን ሁሉ ለዋለ ስትነግረው ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ዋለ ሳጥኑን ከፈተ። በመጀመሪያ የፈለገው የውኃ ምልክት ነበር። አቧራ እንጂ ዝገትም እድፍም አላገኘም። ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወሩን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ራም የሚሉትን የማስታወሻ ካርድ ነቅሎ ጥርሶቹን በላጲስ ጠርጎ መለሰው፤ ያው ነው። ደጊቱ በእያንዳንዱ ሙከራ አንገቷን ወደ ስክሪኑ ታሰግጋለች፤ ሲጠቁር መልሳ ትቀመጣለች።

በመጨረሻ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ዲስኩ ተነበበ።

«ሞልቷል» አለ። «እናቴ፣ አልተበላሸም። ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ለመነሻ የምትሆን ቦታ አጥቶ ነው የቆመው።»

«እሱስ? እሱ አለ?»

ዋለ ፈለገ። የኤፍሬም ዘፈኖች አሥራ አራት ነበሩ፤ በስም በስማቸው ተቀምጠዋል፤ አንድም የተነካ አልነበረም። የመጀመሪያውን ከፈተው። ክራሩ ቀደመ፤ ቀጥሎ የኤፍሬም ድምፅ ሱቁን ሞላው። ደጊቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም፤ ዕንባዋ ግን እጆቿ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ዋለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲያልቅ ዓይኗን ጠርጋ፣ ዲስኩን የሞላው ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

ሌላ ማኅደር ውስጥ አርባ ሦስት ፋይሎች ነበሩ። ሁሉም ረጃጅም ናቸው፤ አንዳንዱ ሰዓት ያልፋል። ስም የላቸውም። ዋለ ቀኖቹን አየና ሁሉም ኤፍሬም ካረፈ በኋላ፣ ከአርባው ወዲህ የገቡ መሆናቸውን ነገራት።

«አላልኩህም?» አለች ደጊቱ። ፊቷ ጠቆረ። «እሳቸው ናቸው። ልጄን አፍነው ሊያስቀሩብኝ ነው የሞሉበት። ክፈተው፤ ምን እንደጫኑበት ልስማ።»

ዋለ ከሁሉ የቀደመውን ፋይል ከፈተ። በር ተዘጋ፤ ወንበር ተሳበ፤ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ኤፍሬሜ» አለ የራሷ የደጊቱ ድምፅ፣ «በል እንግዲህ ዝፈንልኝ፤ አባትህ ማኅሌት ሄደዋል፣ ብቻዬን ነኝ፤ እየሰማሁህ ነው።»