ልክክ ያለ የስልክ ቦርሳ

ቅዳሜ ቅዳሜ ለደስታቸው ቆዳ ከሚሰፉት ሰዎች መካከል ምክር የማትሰማ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ባለመስማቷ ስንቱን ቆዳ አበላሽታለች። ዛሬ ያመጣችው ሥራ ግን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የስልኩ ቦርሳ የስልኩን የገዛ ቆዳ መስሎ ተጣብቆበታል።

«እንዲህ ልክክ ያለው በምን ዘዴ ነው?» አሉ የሁሉ አስተማሪ የሆኑት ጋሽ መርሻ።

«ስልኩን በፌስታል ጠቀለልኩ፣ እርጥቡን ቆዳ ላዩ ላይ ሰፋሁና አደረቅኩት። እርስዎ ‹ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪ› ሲሉኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር፤ ተሸነፍኩ!» ብለው ሳቁ።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አስተማሪያችን አንቺ ነሽ!» አለች ጓደኛዋ ዘርትሁን።

ሴትዮዋ ደረቷን ነፋች። ይህችን ቃል ለመስማት ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቃለች።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

«አንሺው እንጂ!» አለች ዘርትሁን።

«ይጥራ!»

ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ ወዲያው ደግሞ ጀመረ። ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ ጋሽ መርሻ አስጠጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ልጄ ናት፤ ከትናንት ጀምሮ እየደወለች ነው። ቆዳው ሳይቀደድ ስልኩ የሚወጣበት መላ አያጡም መቼም?»